ስለ ማንኳኳትና ስለ መክፈት

የአገራችን ሰው ስለ ዝምታ ሁለት ዓይነት ምሳሌ ይናገራል። በአንድ ወገን «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ በሌላ ወገን ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚለያዩት በተናጋሪው ሁኔታ ነው። ርስት ያለው፣ ዘመድ ያለው፣ ዳኛ የሚያውቀው ሰው ቢናገር ደጃዝማችነት ሊያገኝ ይችላል። ርስትም ዘመድም የሌለው፣ ስሙም በማንም መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ሰው ግን አፉን በከፈተ ጊዜ የሚጠብቀው ሹመት ሳይሆን የእግር ብረት ነው። እንግዲህ ዝም ያለውን ሰው ከመውቀሳችን በፊት ከሁለቱ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ «ሰዎች በፀሐይ ውስጥ» የምትባል አንዲት ትንሽ የዐረብኛ መጽሐፍ ናት። የጻፋት ጋሳን ካናፋኒ የሚባል የፍልስጥኤም ሰው ሲሆን፣ የታተመችውም በ1963 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዬ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ። ካናፋኒ በ1936 በዓካ ከተማ ተወለደ፤ በ1948ቱ ጦርነት ከቤተ ሰቡ ጋር ተሰደደ፤ ከዚያም በኩዌት አስተማሪ ሆኖ ጥቂት ዓመታት ሠራ፤ በ1972 በቤይሩት በመኪናው ውስጥ በተጠመደ ፈንጂ ተገደለ። ይህችን መጽሐፍ በጻፈበት ወራት እሱ ራሱ የሚገባው ወረቀት ስላልነበረው በቤቱ ተደብቆ ይኖር ነበር። ስለዚህ ስለ ወረቀት አልባ ሰው የጻፈው ከሌላ የሰማውን ብቻ አይደለም።

ታሪኩ አጭር ነው። ሦስት ፍልስጥኤማውያን በኢራቅ በባስራ ከተማ ይገናኛሉ። የሦስቱም ሐሳብ ወደ ኩዌት ተሻግሮ ሥራ ማግኘት ነው፤ የመግቢያ ፈቃድ ግን የላቸውም። አንደኛው አቡ ቀይስ ይባላል፤ ዕድሜው የገፋ፣ የወይራ ዛፎቹን ከነመሬታቸው ያጣ ገበሬ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ኖረና በመጨረሻ ለሚስቱና ለልጁ ሲል ተነሣ። ሁለተኛው አስዓድ ነው፤ አጎቱ ሃምሳ ዲናር አበድሮታል፤ ያበደረው ግን ራርቶለት ሳይሆን ሴት ልጁን እንዲያገባለት ብሎ ነው። አስዓድ ከዚህ በፊትም አንድ አሻጋሪ ገንዘቡን ተቀብሎ በበረሓ ጥሎት ሄዶ ነበር። ሦስተኛው መርዋን የሚባል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ከኩዌት ገንዘብ ይልክ ነበር፤ ሚስት ካገባ በኋላ ግን መላኩን ተወ። አባቱም እናቱን ፈትቶ ቤት ያላትን ሴት አገባ። ስለዚህ እናቱንና ታናናሾቹን የመመገብ ሸክም በዚህ ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ።

በባስራ የሚያሻግር አንድ ወፍራም ደላላ አለ፤ ዋጋው ዐሥራ አምስት ዲናር ነው። መርዋን ያለው አምስት ብቻ ነው። ልጁ በሕፃን ድፍረት «ካላሻገርከኝ ለፖሊስ እናገራለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ቢሰነዝር፣ ሰውየው በጥፊ አጮለው። ደላላው ለምን እንዳልፈራ መርዋን ወዲያው ገባው፤ ፖሊስ ቢመጣ የሚታሰረው ማን እንደ ሆነ ሁለቱም ያውቃሉና።

ከዚህ በኋላ አቡል ኸይዙራን የሚባል ሾፌር ይመጣል። ይህ ሰው በ1948ቱ ጦርነት ቈስሎ ወንድነቱን ያጣ፣ ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከመሰብሰብ በቀር ሌላ ተስፋ የሌለው ነው። የሐጂ ሪዳን የውኃ ቦቴ ይነዳል። ሐጂ ሪዳ የታወቀ ሀብታም ስለ ሆነ መኪናውን በጠረፍ ላይ የሚፈትሸው የለም። ሾፌሩ ሰዎቹን በዐሥር ዐሥር ዲናር፣ ልጁን ግን ለሌሎቹ ሳይነገር በአምስት ሊያሻግራቸው ተስማማ። ከጠረፍ ኬላዎቹ ጥቂት ሲቀራቸው ወደ ባዶው ቦቴ ይገባሉ፤ ክዳኑ ይዘጋል፤ ኬላው ሲያልፍ ይከፈታል። ወሩ ነሐሴ ነው፤ የበረሓው ፀሐይ ብረቱን እንደ ምጣድ ያግለዋል።

በሰፍዋን ኬላ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው በሕይወት ወጡ። በሙጥላዕ ኬላ ግን አቡ ባቂር የሚባለው ሹም፣ በማቀዝቀዣ በቀዘቀዘ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሾፌሩን በባስራ ወዳጅ አድርጎ ስለ ያዛት ስለ አንዲት ዘፋኝ ሴት እየቀለደ አቆየው። ሾፌሩ ወረቀቱን አስፈርሞ፣ ሮጦ፣ ነድቶ፣ ክዳኑን በከፈተ ጊዜ ሦስቱም ሞተዋል። በሌሊት ሬሳቸውን በከተማው የቈሻሻ መጣያ ጣላቸው፤ ጥቂት ሄደና ተመልሶ ከኪሳቸው ገንዘቡን፣ ከልጁም እጅ ሰዓቱን ወሰደ። መጽሐፉ የሚያልቀው ይህ ሾፌር «የቦቴውን ግድግዳ ስለ ምን አልመቱም?» በሚል ሐሳብ ተይዞ ሲጮኽ ነው።

ይህች መጽሐፍ ታላቅ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ታላቅነቷም ዋጋን በመቍጠሯ ላይ ነው። ብዙ ደራሲ ስለ ስደተኛ ሲጽፍ እንባን ይቈጥራል፤ ካናፋኒ ግን ዲናሩን ይቈጥራል። ዐሥራ አምስት፣ ዐሥር፣ አምስት እያለ የሰው ነፍስ እንዴት እንደ ገበያ ዕቃ እንደምትወርድ ያሳየናል። የመርዋን ጥፊም እኔ ካነበብኳቸው የዐመፅ ትረካዎች ሁሉ የምታንስ፣ ነገር ግን ብዙ የምታስተምር ናት። ሕግ የሌለውን ሰው የሚበድል ጉልበት ያለው ብቻ አይደለም፤ ያ ሰው ሊከስ እንደማይችል ያወቀ ሁሉ ይበድለዋል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የተባለው ለዚህ ነው።

ነገር ግን የምነቅፍባት ነገር አለኝ፤ ነቀፌታዬም ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ስለዚያ የመጨረሻ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በዐረብ አንባቢ ዘንድ ለብዙ ዓመት እንደ ትልቅ ጥበብ ሲጠቀስ ኖሯል። ብዙ ተቺዎች ሾፌሩን በመሪዎቹ፣ ሦስቱን ሰዎች በሕዝቡ፣ ዝምታቸውንም በሕዝቡ መታገሥ ይመስሉታል፤ ስለዚህ ጥያቄው «ሕዝብ ሆይ ንቃ» እንደ ማለት ነው። ለዚያ ዘመንና ለዚያ ሕዝብ ይህ ትርጓሜ የራሱ ክብደት አለው፤ እኔም አልክደውም። ነገር ግን ምሳሌውን ትተን ሦስቱን ሰዎች እንደ ሦስት ሰዎች፣ ይኸውም እንደ ገበሬ፣ እንደ ባለዕዳና እንደ ልጅ ስንመለከታቸው ጥያቄው ፍርድ ያጎድላል። የዘጋው ሰው የተዘጋበትን ሰው ተጠያቂ ያደርገዋልና።

አንባቢዬ ምናልባት «ቢያንኳኩ ኖሮ ይተርፉ አልነበረምን? ተይዘው ቢመለሱስ ከሞት አይሻልምን?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከሞት ይሻል ነበር። ነገር ግን በቦቴው ውስጥ ያለ ሰው ምርጫው በሞትና በሕይወት መካከል መሆኑን የሚያውቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባለችው በእያንዳንዷ ደቂቃ ምርጫው በሌላ ነገር መካከል ነው፤ ይኸውም አንድ ደቂቃ መታገሥ ወይም ሁሉን ማጣት ነው። አስዓድ ቢያንኳኳ የአጎቱ ሃምሳ ዲናር ጠፋ። መርዋን ቢያንኳኳ እናቱ ጾም አደረች። አቡ ቀይስ ቢያንኳኳ ሌላ ዐሥር ዓመት በሰው ጎጆ ተቀመጠ። እያንዳንዱም ብቻውን አልነበረም፤ አንዱ ቢያንኳኳ የሁለቱን ባልንጀሮቹን ተስፋ ጭምር መስበሩ ነው። እንግዲህ እጃቸውን የያዘው ፍርሃት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ዕዳም፣ የቤተ ሰብ ፍቅርም፣ የጓደኛ ይሉኝታም ይዞታል። ይህን ሁሉ መጽሐፉ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አስረድቶናል፤ በመጨረሻው ገጽ ግን የረሳው ይመስላል።

ይህን ጕድለት አስቀድሞ ያየ አንድ ሰው አለ። ተውፊቅ ሳሌሕ የሚባል የግብፅ የፊልም ሠሪ በ1972 መጽሐፉን በሶርያ አገር ወደ ፊልም ለወጠው፤ ስሙንም «የተታለሉት» አለው። በፊልሙ ሰዎቹ ያንኳኳሉ፤ የቦቴውን ግድግዳ በእጃቸው ይደበድባሉ። ነገር ግን በሹሞቹ ክፍል ያለው የማቀዝቀዣ መኪና ድምፅ ስለሚበረታ ማንም አይሰማቸውም። በእኔ አስተያየት በዚህ አንድ ነጥብ ፊልሙ ከመጽሐፉ ይበልጣል። መጽሐፉ የሚጠይቀው ሟቹን ነው፤ ፊልሙ የሚጠይቀው በቀዝቃዛው ክፍል የተቀመጠውን ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ለፊልሙ መሰከረለት። በነሐሴ 2015 በኦስትሪያ አውራ ጎዳና ዳር በቆመ የሥጋ ማመላለሻ ካሚዮን ውስጥ የ71 ሰዎች ሬሳ ተገኘ። በጥቅምት 2019 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ አውራጃ በአንድ ተጎታች ውስጥ 39 የቬትናም ተወላጆች ሞተው ተገኙ። በፍርድ ቤት እንደ ተነገረው፣ እነዚህ ሰዎች ጣራውን በብረት ዘንግ ሊበሱት ሞክረዋል፤ በስልክም ሊጣሩ ሞክረዋል። ዋናው አሻጋሪ ለሾፌሩ ያስተላለፈው ትእዛዝም አየር እንዲሰጣቸው፣ ግን እንዳያስወጣቸው የሚል ነበር። በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ በቴቴ ከተማ አጠገብ ከማላዊ በመጣ መኪና ላይ የተጫነ ኮንቴይነር ሲከፈት 78 ሰዎች በውስጡ ነበሩ፤ 64ቱ ሞተዋል፤ 14ቱ በሕይወት ተገኙ። እነዚህ የእኛ ልጆች፣ የኢትዮጵያ ሰዎች ነበሩ። በሰኔ 2022 ደግሞ በአሜሪካ በቴክሳስ፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ አጠገብ በአንድ ካሚዮን ውስጥ 53 ሰዎች በሙቀት አለቁ። በስድሳ ዓመት ውስጥ ቦቴው ወደ ኮንቴይነር ተለወጠ እንጂ ክዳኑ አልተለወጠም፤ ዛሬም የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ መጽሐፉ በሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው። ታሪኩ በጠረፍ ላይ ይቆማል። ኩዌት በመጽሐፉ ውስጥ በሩቅ የምትታይ ተስፋ ብቻ ናት። ሦስቱ ሰዎች ቢሻገሩ ኖሮ ማን ይቀጥራቸው ነበር? ስንት ይከፍላቸው ነበር? ባይከፍላቸውስ ለማን አቤት ይሉ ነበር? ሐጂ ሪዳም ስሙ ይጠራል እንጂ ፊቱ አይታይም። መኪናው የእርሱ ነው፤ መኪናውን ሳያስፈትሽ የሚያሳልፈውም የእርሱ ስም ነው፤ ጥፋቱ ሁሉ ግን በቈሰለው ሾፌር ላይ ተደፋ። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ዓለም በወረቀት አልባ ሠራተኛ ላይ የሚደርሰው በደል አብዛኛው የሚሠራው ፊታቸው በማይታይ ሰዎች ነው፤ ደራሲ ደግሞ ፊታቸውን ሊያሳየን ይገባ ነበር።

እንግዲህ መጽሐፉ ከቆመበት እኛ እንቀጥል። በዐረብ አገሮች «ከፋላ» የሚባል ሥርዓት አለ። በዚህ ሥርዓት የውጭ አገር ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ማለት ኢቃማውን፣ የሚያገኘው በአንድ አሠሪ ስም ነው፤ ያ አሠሪ ከፊል ይባላል። ሠራተኛው የሚኖረው በከፊሉ ስም ስለ ሆነ፣ ከዚያ ቤት የወጣ ዕለት በአገሩ ላይ የመኖር መብቱ አብሮ ይወጣል። አሠሪው ደመወዝ ቢከለክል፣ ቢደበድብ፣ ሌሊትና ቀን ቢያሠራ፣ ሠራተኛዋ ከበሩ ስትወጣ የሚያሳድዳት ሕግ እርሱን ሳይሆን እርሷን ነው። ከፊሉ ለመንግሥት «ጠፋችብኝ» ብሎ አንድ ቃል ካመለከተ ተበዳይዋ ወንጀለኛ ሆነች ማለት ነው፤ በሳዑዲ ዐረቢያ የነበሩ ወገኖቻችን ይህን «ሁሩብ» በሚለው ስሙ ያውቁታል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሕገ ወጥ የሚሆነው ጠረፍ ጥሶ ስለ ገባ ብቻ አይደለም፤ በሕጋዊ መንገድ በአውሮፕላን ገብቶ፣ ከክፉ ቤት በሸሸባት ሰዓት ሕገ ወጥ የሆነም ብዙ ነው።

ፍርድ እንዳይጓደል መልካሙንም መናገር አለብኝ። ኩዌት በ2015 ስለ ቤት ሠራተኞች ሕግ አወጣች፤ የሳምንት ዕረፍት፣ የዓመት ፈቃድና የሥራ ሰዓት ወሰን ደነገገች፤ ፓስፖርት መቀማትንም ከለከለች። በ2016 ደግሞ ዝቅተኛው ደመወዝ 60 ዲናር እንዲሆን ወሰነች። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ ሁሉ የሚሠራው ከሳሽ ሲኖር ነው። ከሳሽ ለመሆን ከቤት መውጣት ያስፈልጋል፤ ከቤት መውጣት ደግሞ ጥፋት ከሆነ፣ ያ ሕግ ቁልፉ በውስጡ የተቈለፈበት ሳጥን ነው።

ይህ የዐረብ አገር ነገር ብቻ አይምሰለን። በሕጓ የምትመካው አሜሪካም በ2002 እንዲህ ያለ ፍርድ ፈርዳለች። በካሊፎርኒያ አንድ ወረቀት አልባ ሠራተኛ የሠራተኛ ማኅበር በመደገፉ ከፋብሪካው ተባረረ። ማባረሩ ሕግ መጣስ እንደ ሆነ አልተካደም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በአምስት ዳኞች ድምፅ፣ አራቱ ሲቃወሙ፣ ይህ ሰው በአገሩ የመሥራት ፈቃድ ስላልነበረው ከተባረረ በኋላ ላጣው ደመወዝ ካሣ አይገባውም ብሎ ወሰነ። የተቃወሙት ዳኞች እንዲህ ያለው ፍርድ አሠሪውን ወረቀት አልባ ሰው እንዲቀጥር ያደፋፍረዋል ሲሉ አስጠንቅቀው ነበር፤ ነገሩን በትክክል አይተውታል። ሠራተኛን መበደል ለአሠሪው ርካሽ ከሆነለት፣ በዳይ አሠሪ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ነው። ከዚያ ደግሞ ያው አገር «ሕገ ወጦች በዙብኝ» ብሎ ያማርራል።

ቤይሩትንም እናስታውስ። በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ብዙ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በመኪና አምጥተው በቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ ያልተከፈላቸውና ፓስፖርት የሌላቸው ነበሩ። እነዚህ ሴቶች በሩን አንኳኩተዋል፤ በአደባባይ፣ በፀሐይ፣ ሁሉ እያየ አንኳኩተዋል። ብዙ ቀንም በአስፋልት ላይ አደሩ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ። አንዳንድ ሰው «በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለውን ተረት ጠቅሶ «ማን ሂዱ አላቸው? ወደው ሄዱ» ይላል። እኔ ግን ይህ ተረት በዚህ ቦታ የሚጠቀስ አይመስለኝም። የዛሬ ስደተኛ ገደሉን አይቶታል። የጎረቤቱ ልጅ በቀይ ባሕር ሰጥማለች፤ የአክስቱ ልጅ ከሳዑዲ አካሏ ጎድሎ ተመልሳለች፤ ይህን እያወቀ ይሄዳል። የሚሄደው በቆመበትም ገደል ስላለ ነው። ሁለት ገደል ካለበት ቦታ አንዱን የመረጠ ሰው ወዶ ገባ ማለት፣ ቤቱ ሲቃጠል በመስኮት የዘለለውን ሰው «መዝለል ይወዳል» እንደ ማለት ነው። ደግሞም መሄዱን ወደደ ብንል እንኳ፣ ደመወዙን መከልከልን ወደደ ማለት አንችልም።

ሌላው ደግሞ «መንግሥት ጠረፉን የመጠበቅ መብት የለውምን?» ይላል። አለው። ያለ ፈቃድ የገባን ሰው በሥርዓት ወደ አገሩ የመመለስ መብትም አለው። ነገር ግን ሁለት ነገር መለየት አለብን። ፈቃድ በሰውየውና በመንግሥቱ መካከል ያለ ጕዳይ ነው፤ ደመወዝ ግን በሠራተኛውና በአሠሪው መካከል ያለ ዕዳ ነው። ሰውየው ኢቃማ ስለሌለው የጠረበው ድንጋይ ያልተጠረበ አይሆንም፤ ያጠበችው ልብስ ያልታጠበ አይሆንም፤ ያሳደገችው ሕፃን ያላደገ አይሆንም። በሥራው የተጠቀመ ሰው ዋጋውን ሊከፍል ይገባል። በኦሪት ዘዳግም የምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈል የታዘዘው ለወንድም ብቻ ሳይሆን ለመጻተኛም ጭምር ነው፤ መጻተኛው በየትኛው በር እንደ ገባ አልተጠየቀም። ጠረፍን መጠበቅም ሰውን መግደል ማለት አይደለም፤ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በየመንና በሳዑዲ ጠረፍ ላይ በመቶ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን በጠረፍ ጠባቂዎች መሣሪያ መገደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ አስታውቋል፤ የሳዑዲ መንግሥት ግን ክሱን አልተቀበለም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሰው አገር ነው፤ በራሳችን ደጅ ያለውን ካልተናገርኩ ግን ትችቴ አድልዎ ይሆናል። ከኅዳር 2013 ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ሠራተኞች በዘመቻ ስታባርር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ተመለሱ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በጥቅምት ወር መንግሥታችን ወደ ዐረብ አገር ለሥራ መሄድን ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው እስከ 2018 ቆየ። ሐሳቡ ዜጎችን ከጕዳት መጠበቅ ነበር። ሆኖም በር ሲዘጋ ረኃብ አብሮ አልተዘጋም፤ በቦሌ መሄድ የተከለከለችው ልጅ በጅቡቲ ጠረፍ በኦቦክ በኩል፣ ወይም በቦሳሶ በኩል፣ በጀልባ ሄደች። በሕጋዊ ኤጀንሲ ትሄድ የነበረችው በደላላ እጅ ወደቀች። ክልከላ ብቻውን ሰውን ከቦቴው ውስጥ አያወጣውም፤ ወደ ጨለማው ያስገባዋል እንጂ።

ደላላውስ ማነው? ከሰማይ የወረደ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሰፈር ሰው ነው፤ በለቅሶና በሠርግ አብሮን የሚቀመጥ፣ ዕድር የሚከፍል ሰው ነው። አባት በሬውን ሽጦ ይከፍለዋል። ልጅቱ ገንዘብ መላክ ስትጀምር የቆርቆሮ ጣራ እያየን እንመርቃለን፤ ገንዘቡ የቆመ ጊዜ ግን «ረሳችን» ብለን እናማታለን እንጂ «ምን አገኛት?» ብለን አንጠይቅም። ወደ ቤታችንም ብንገባ፣ ከገጠር የመጣችው ሠራተኛ በስንት ቤት ውስጥ ያለ ውል፣ ያለ ዕረፍት ቀን፣ ደመወዟ «ይጠራቀምልሽ» እየተባለ ትኖራለች? ከተማውን አታውቀውም፤ ዘመድ የላትም፤ ከቤት ብትወጣ መሄጃ የላትም። የቤይሩቷን እመቤት የምናወግዝበት ቃል በራሳችን ወጥ ቤት ውስጥም ቢሰማ የሚያሳፍረን ብዙ ነን።

እንግዲህ ስለ መጽሐፉ የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው። «ሰዎች በፀሐይ ውስጥ» ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው፤ ወደ ቋንቋችን ተመልሶ በየትምህርት ቤቱ ቢነበብ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አስተማሪው መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ልጆቹን ሦስቱ ሰዎች ለምን ዝም እንዳሉ ብቻ አይጠይቃቸው። ሌላ ጥያቄ ይጨምርላቸው፦ ከቦቴው ውጭ ስንት ሰው ነበረ? ብለው ይቍጠሩ። ባለመኪናው ሐጂ ሪዳ አለ፤ ገንዘብ ተቀብሎ በበረሓ የጣለ አሻጋሪ አለ፤ በጥፊ የመታ ደላላ አለ፤ ገንዘብ መላክ የተወ ወንድም አለ፤ ልጁን ለመዳር ያበደረ አጎት አለ፤ ሾፌሩ አለ። በመጨረሻም አቡ ባቂር አለ።

በእኔ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ አቡ ባቂር ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ማንንም አልጠላም፤ ጉቦም አልጠየቀም፤ በቦቴው ውስጥ ሰው እንዳለም አላወቀም። ያደረገው ነገር ቢኖር በሥራው ሰዓት ወሬ አወራ፤ መፈረም የሚገባውን ወረቀት ይዞ ሣቀ። በየቆንስላው፣ በየኢሚግሬሽኑ ቢሮ፣ በየሠራተኛ ጕዳይ ጽሕፈት ቤት፣ በየፍርድ ቤቱ ጠረጴዛ እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጧል፤ «ነገ ተመለሽ» ማለት ለእርሱ አንድ ቃል ነው፤ በሌላኛው ወገን ላለችው ግን ስንት ቀን በአስፋልት ላይ ማደር እንደ ሆነ አያውቅም። ወረቀት የሌለው ሰው ማንኳኳት አይችልም፤ ቢያንኳኳም ድምፁ ደካማ ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛው ክፍል የተቀመጠ ሁሉ የቀረበለትን ወረቀት ዛሬውኑ ይፈርም፤ ቀልዱ ከሥራ በኋላ ይደርስለታል።